የተላጨሁ ዕለት ለባሌ ተለቀሰ

ባሌ ከሚሌ ወዲያ ባለው በረሃ የጭነት መኪናውን ጎማ ሲቀይር፣ እዚህ መካኒሳ አቦ፣ በገዛ ሳሎኑ ውስጥ ተለቅሶለታል። ንፍሮም ተቀቅሎለታል። የድንኳኑ ቦታ ሁሉ ተለክቶ ነበር። ሰበቡ የኔ ጭንቅላት ነው። ከሰዓት በኋላ ተላጭቼ ገባሁ፤ ሰፈሩ አየኝና ባል ሞቶባታል ብሎ ደመደመ።

ይህን ሳወራ ሰው ይስቃል። ይሳቅ፤ አሁንማ እኔም እስቃለሁ። ግን ከሳቁ በፊት ፀጉሬ የት እንደገባ ልናገር፤ ምክንያቱም ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ለምን እንደተላጨሁ ነው፤ ምን እንደመለጠኝ የጠየቀኝ የለም።

ያደግሁት እዚሁ መካኒሳ ነው። ልጅ ሆኜ ፀጉሬ ትከሻዬን አልፎ ይወርድ ነበር። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሰው “ይህን ፀጉር ከየት አመጣችው?” ሲል ደስታዋን የምትደብቅበት ይጠፋታል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሹሩባ ወደምትሠራ ጎረቤታችን ትወስደኛለች። ሴትየዋ ጉልበቶቿ መሀል ታስገባኝና ጭንቅላቴን እንደ ጥቅል ጎመን ጨብጣ ትጀምራለች። ስትስበው የዓይኔ ጫፍ አብሮ ይሳባል። ካለቀስኩ “ካላመመሽ አያምርብሽም” ትለኛለች። እናቴም ከጎን ሆና “አጥብቂላት እባክሽ፣ ሳምንቱን ይቆይላት” ትላለች። ማታ በጎኔ መተኛት አልችልም። በማግስቱ የግንባሬ ጠርዝ ላይ ትንንሽ ብጉር ይወጣል፣ ቅቤ ይቀባል፣ ይረሳል።

ማንም ክፉ አልነበረም። እንዲያውም በሕይወቴ እንደዚያ ተጨንቆ ተጠቦ የያዘኝ ሰው ጥቂት ነው። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ክፉ ሰው የሌለበት በደል ሲደርስብህ በማን ላይ እንደምትጮህ አታውቅም።

ካደግሁ በኋላ የሚስበኝ እጅ ተቀየረ እንጂ መሳቡ አልቀረም። ፀጉር ቤት ስሄድ ፔስትራ፣ ከዚያ ማለስለሻ፣ ከዚያ ካስክ ውስጥ ገብቶ መጠበስ። ራስ ቅሌ ሲያቃጥለኝ “ትንሽ ቻይ፣ እየያዘልሽ ነው” ይሉኛል፤ እችላለሁ። ለሠርጌ ሂውማን ሄር ተሰፋልኝ፤ ለመልሱ ደግሞ ተነቅሎ ሹሩባ ተሠራሁ፤ ሁለቱም በአንድ ሳምንት ውስጥ። በፎቶው ላይ ሳየኝ ቅንድቤ ከቦታው ከፍ ብሏል። ሰው ግን “ሙሽሪት እንዴት ደምቃለች!” ብሎ ጨረሰ።

ልጄን ከወለድኩ በኋላ ፀጉሬ በእፍኝ መርገፍ ጀመረ። ሚዶው ላይ፣ ትራሱ ላይ፣ የሻወሩ መውረጃ ላይ፣ ልጄን ሳጠባት በጣቶቿ መሀል ሳይቀር አገኘዋለሁ። ሰው የሚያውቀውን ሁሉ አዘዘልኝ። የቀይ ሽንኩርት ጭማቂ ተቀባሁ፣ ሬት ተቀባሁ፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ እንቁላል፣ ከቲክቶክ የመጣ የሩዝ ውሃ። ለሳምንታት ወጥ ወጥ እሸት ነበር። አማቴ ደግሞ የዓይን ነው ብለው ጠበል ወሰዱኝ። ተጠመቅሁ፤ ልቤ ቀለል አለኝ፤ ፀጉሬ ግን እዚያው ጠበሉ ላይ ረገፈ።

በመጨረሻ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ጠረጴዛዋን ትታ መጥታ በእጇ ዳሰሰችኝ። “የወሊዱ መርገፍ ራሱ ይቆማል” አለችኝ። “ደምሽም ትንሽ አንሷል፤ እሱንም በክኒን እናስተካክለዋለን። ይሄኛው ግን ሌላ ነው።” ጣቷን ከግንባሬ ጠርዝ አንሥታ በጆሮዬ ላይ አዞረችው። “ይሄ ሲሳብ የኖረ ነው። ሥሩ ጠባሳ ሆኗል። ከዚህ በኋላ የሚበቅልበት አይመስለኝም።” ቀጥላ ምን እንዳለች አልሰማሁም። “አሁን የምታደርጊውን ዊግ በማጣበቂያ አታጣብቂው፤ ያለውንም ይጨርሰዋል” ማለቷ ትዝ የሚለኝ በኋላ ነው። ክሊኒኩ በር ላይ ቆሜ በሕይወቴ ያላለቀስኩትን አለቀስኩ። የሞተ ሰው ቢኖር ኖሮ ያን ቀን ነበር ሰፈሩ መምጣት የነበረበት።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን የመደበቅ ዘመን ነው። ሥራዬ መጋረጃ መስፋት ነው፤ መካኒሳ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ሰው መስኮቱን የሚሸፍንበትን ጨርቅ እየሰፋሁ፣ ራሴን የምሸፍንበት ሐሳብ ሆኖብኝ ዋልኩ። ታክሲ ስሳፈር መስኮት አጠገብ አልቀመጥም፤ ነፋስ አለ። ዝናብ ሲመጣ ከሰው ሁሉ ቀድሜ እሮጣለሁ። ሠርግ ስጠራ ከጭፈራው እሸሻለሁ፤ እስክስታ ድሮ ማንም አይችለኝም ነበር። ሰው ቀና ብሎ ግንባሬን ካየ የሰማሁት ነገር ሁሉ ይጠፋብኛል። አፍሬ ነበር። ሌላ ስም የለውም፣ ማፈር ነው። ሴት ልጅ ውበቷ ፀጉሯ ነው ሲባል ነው ያደግሁት፤ ፀጉሩ ሲሄድ ሴትነቴን ይዞብኝ የሄደ ይመስለኝ ነበር።

ከሁሉ የከፋው ቤት ነው። ባሌ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። ሁለት ሳምንት መንገድ ላይ ከርሞ ጥቂት ቀን ቤት ያድራል። እነዚያን ጥቂት ቀናት ሻሼን ጥብቅ አድርጌ አስሬ፣ መብራት አጥፍቼ፣ እጁ ወደ ራሴ ሲመጣ ቀስ ብዬ እያሸሸሁ ኖርኩ። “አሞሻል?” ይለኛል። “ደክሞኝ ነው” እለዋለሁ። ልጃችን ከተወለደች ጀምሮ ባሌ ራሴን በእጁ አልነካውም። ትምህርት ቤት እስክትገባ ድረስ እንዲህ ኖርን።

ልቤ የቆረጠልኝ ለቡ መብራት ኃይል አንዲት ደንበኛ ቤት ነው። አዲስ ቤት ነው፤ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ መስኮቱ ሰፊ። መሰላል ላይ ወጥቼ እለካለሁ፣ ሴትየዋ ከታች ቁጥሩን ትጽፍልኛለች። ጎንበስ ስል ዊጌ የመጋረጃው ብረት ላይ ባለው ማንጠልጠያ ተያዘ። ዝቅ አልኩ፤ ዊጉ ግን አብሮኝ አልወረደም። እዚያው ተንጠልጥሎ ቀረ።

ብትስቅ ኖሮ ምናልባት አብሬያት እስቅ ነበር። አልሳቀችም። እጇን አፏ ላይ ጫነችና፣ በሹክሹክታ፣ “ውይ እህቴን! ካንሰር ነው አይደል?” አለች።

“ኧረ አይደለም፤ ሹሩባ ነው የጨረሰው” አልኳት።

“አይዞሽ፣ ለኔ አትደብቂኝ። የክርስትና ስምሽን ብቻ ንገሪኝ፣ አስጸልይልሻለሁ።”

የክርስትና ስሜን ነገርኳት፤ ጸሎት አይጠላም። ዊጉን ከማንጠልጠያው አውርጄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። የቀሩትን መስኮቶች ራሴን ገልጬ ለካሁ። ሴትየዋ ጁስ ይዛ ከኋላዬ ትከተለኛለች። እኔ ግን መሰላሉ ላይ ቆሜ የተሰማኝ ኀፍረት አልነበረም፤ ንዴት ነበር። ይህን ያህል ዘመን የፈራሁት ቀን መጣ፤ መጥቶም ያደረገኝ ነገር የለም። ቁጥሩ ቁጥር ነው፣ መስኮቱ መስኮት ነው። ታዲያ ምን ፈርቼ ነው የኖርኩት?

ከዚያ እንደወጣሁ ቀጥታ መካኒሳ አንድ የወንዶች ፀጉር ቤት ገባሁ። “ሙልጭ አድርገህ ላጨኝ” አልኩት። ፀጉር ቆራጩ አየኝ። ለሥራ ስለማይቆሽሽ ጥቁር ሹራብ ነው የምለብሰው። ሄዶ ሙዚቃውን ዘጋው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “እግዜር ያጽናሽ እህቴ” አለኝ።

“ማንም አልሞተብኝም።”

“ይገባኛል” አለና ራሱን ነቀነቀ። ምኑ እንደገባው እንጃ። ላጭቶ ሲጨርስ ሒሳብ ስሰጠው እጄን መለሰው፤ “የሐዘን አልቀበልም።” ተከራከርኩ፤ በጄ አላለም። ያኔ ነበር ነገሩ ሊገባኝ የሚገባው። እኔ ግን ሌላ ዓለም ውስጥ ነበርኩ። መንገድ ስወጣ ነፋሱ ራስ ቅሌን ነካኝ። ከሕፃንነቴ ወዲህ ነፋስ እዚያ ቦታ ደርሶ አያውቅም። ከፀጉር ቤቱ እስከ ቤቴ ድረስ ፈገግ እያልኩ ሄድኩ፤ ሰዎቹ ግን የሐዘንተኛ ፊት ነው ያዩት።

ልጄ በር ከፍታ ቆማ አየችኝ። “እማ፣ ለካ ጆሮሽ ትልቅ ነው” አለችና ወደ ቴሌቪዥኗ ተመለሰች። በዚህ ምድር ላይ ስለ ራሴ የተሰጠ ከሁሉ የተሻለ አስተያየት እሱ ነው።

ጎረቤቴ ግን በአጥር በኩል አይታኛለች። የኛ ሰው ሐዘንተኛን “ማን ሞተ?” ብሎ አይጠይቅም፤ ነውር ነው። መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ከዚያ ጎኑ ያለውን በጆሮው ይጠይቃል። ባል የሞተባት ሴት መላጨቷ በከተማ ብዙም ባይታይም ማንም አልረሳውም። ባሌ መንገድ ላይ እንዳለ ሁሉ ያውቃል፤ የሹፌር ሚስት ያለችበት ሰፈር ጆሮው ሁልጊዜ የቆመ ነው። ሌሊት መርዶ ተነግሯት እኛ ሳንሰማ ቀረን ብለው ደነገጡ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል። የኛ ሰፈር ዶሮዎች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ከቤቴ ከተፍ አሉ።

ልጄን ራት ሳበላ በሩ ተከፈተና አንዷ ከደጅ ጀምራ ለቀቀችው፦ “ወንድሜን! መንገድ የበላው ወንድሜን!” ተከትለዋት የዕድራችን ሴቶች ገቡ። ጎረቤቴ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ታለቅሳለች።

“ምን ሆናችኋል? ማንም አልሞተም!”

“አልቅሺ፣ አልቅሺ የኔ እህት። መጮህ ነው የሚያወጣልሽ።”

“ባሌ ደህና ነው! ጠዋት አውርቼዋለሁ!”

“ውይ፣ ልቧ እንቢ አለ። አላመነችም እኮ” ተባባሉ። ይባስ ብሎ ለቅሶው ጨመረ። በጮህኩ ቁጥር ሐዘኔ ጠናባቸው። ዝም ብል ደነዘዘች፣ ብጮህ ልቧን ሳተች። ውጭ አንድ የዕድሩ ሽማግሌ በእርምጃ ግቢውን ይለካሉ። ንፍሮው በሳፋ ገባ። ልጄ ሰው አየችና ደስ ብሏት አንድ እፍኝ አፈሰች።

በዚህ መሀል አማቴ መጡ። ቤታቸው ቅርብ ነው፤ የነገራቸው ሰው “ወደ ልጅሽ ቤት ሂጂ” ብቻ ነው ያላቸው። ለቅሶውን ከመንገድ ላይ ሰሙ። አንድ እግራቸው ጫማ የለውም። ደፉ ላይ ደርሰው “ልጄን!” ብለው ወደቁ። ሮጬ ሄጄ አቀፍኳቸው። “እማማ፣ ደህና ነው! በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ ምንም አልሆነም!” ቀና ብለው ራሴን አዩት። ከዚያ የጮኹትን ጩኸት እስካሁን እሰማዋለሁ። አፌ አለ ይላል፣ ጭንቅላቴ ሞቷል ይላል፤ እሳቸው ያመኑት ጭንቅላቴን ነው።

ስልኬን አንሥቼ ደወልኩ። የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም አለች ያቺ ድምፅ። እንደገና ደወልኩ። አይችሉም። በዚያ በረሃ ኔትወርክ እንደሚጠፋ አውቃለሁ፤ ሁልጊዜ ይጠፋል። ግን ሃያ ሴት በሚያለቅስበት ቤት ውስጥ ያወቁትን ነገር ማወቅ ከባድ ነው። ልጄ ንፍሮዋን ጥላ ቀሚሴን ያዘችኝ። “እማ፣ አባባ ሞተ?”

እውነቱን ልናገር፣ ያን ጊዜ አመንኩ። ሞቷል፣ የገደልኩትም እኔ ነኝ፣ ራሴን ላጭቼ ጠራሁበት አልኩ። ልሞት የደረስኩት እኔ ነበርኩ። ልጄን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ያንኑ ቁጥር ደግሜ ደጋግሜ መታሁ። ቤቱ በደወልኩ ቁጥር ጸጥ ይላል፤ ያቺ ድምፅ ስትናገር እንደገና ዋይታው ይነሣል።

ቆይቶ ራሱ ደወለ።

“ምን ሆነሽ ነው ይህን ሁሉ የደወልሽው? ጎማ ፈንድቶብኝ ስታገል ነበር እኮ” አለ፣ በዚያ ሁልጊዜ በሚያናድደኝ ጩኸቱ። ድምፁን ለሁሉም ከፈትኩት። ቤቱ ክው አለ። አንዷ እልልታ ጀምራ በምን ምክንያት እልል እንደምትል ግራ ገብቷት ግማሹ ላይ ተወችው።

አማቴ ስልኩን ከእጄ ነጠቁ። “አንተ ነህ? በእመብርሃን በለኝ!”

“እኔ ነኝ እማዬ፣ ምን ሆነሻል?”

“ምንም፣ ምንም ልጄ። በደህና ግባልኝ።” መንገድ ላይ ያለ ሹፌር አይረበሽም፤ ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልጨመሩም። ስልኩን መለሱልኝ። ጎረቤቴ “ታዲያ ንፍሮው ምን ይሁን?” አለች። ይበላ ተባለ፤ ተበላ። አንዳንዱ እየሳቀ፣ አንዳንዱ እያፈረ በላ። እኔ ግን አልበላሁም።

የሚሄደው ከሄደ በኋላ አማቴ ከትልልቆቹ ሴቶች ጋር ቀርተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። “ባል መንገድ ላይ እያለ ራስን መላጨት ሟርት ነው” አሉ። “ዛሬ እግዜር አወጣን። እስኪገባ ድረስ ሻሽ እሰሪ። ሲገባ ደግሞ ያንን የምታጠልቂውን አጥልቂ። እንዲህ ሆነሽ አይቶሽ የትኛው ወንድ ይቀመጣል?” ሴቶቹ “እውነት ነው” አሉ። “ለሱም ለራስሽም ስትይ ነው” አሉ።

ቀኑን ሙሉ የታመቀው ሁሉ ወጣ።

“እማማ፣ ልጅዎን በሕይወት የሚያቆየው የኔ ፀጉር ቢሆን ኖሮ እስካሁን ስንቴ በሞተ! ከረገፈ እኮ ስንት ዓመቱ! እኔ ነኝ ስሸፍነው የኖርኩት። ከዛሬ በኋላ በገዛ ቤቴ ውስጥ አልሸፋፈንም። የሚቀመጥም ይቀመጥ፣ የሚሄድም ይሂድ።”

አማቴ ተነሡ። ጫማ ከጎረቤት ተውሰው ደህና እደሩ ሳይሉ ወጡ። ቁጣዬ እስኪበርድ ድረስ ስንት ሰሃን እንዳጠብኩ አላውቅም። ያልኩትን ግን አልተጸጸትኩበትም፤ የፈራሁት የመጨረሻዋን ነው፣ “የሚሄድም ይሂድ” ያልኩትን። ሄዶ ቢቀርስ?

የቀጠሉትን ቀናት ራሴን ገልጬ ሱቄ ዋልኩ። ሰው ሁሉ ሐሳብ አለው። “ምነው ምን ነካሽ?” “አሜሪካኖቹን ማየትሽ ነው?” “ሲያድግ ደግሞ እንዲህ ያለ ቅባት አለ…” ታክሲ ውስጥ አንድ ሰውዬ “አይዞሽ፣ ያልፋል” አለኝ። “አልፏል” አልኩት። አንዲት ደንበኛዬ ግን የመጋረጃዋን ነገር ጨርሳ በር ላይ ቆመች። ግራ ቀኝ አይታ ሻሿን ከግንባሯ ትንሽ ገፋ አደረገችልኝ። የኔው ጠርዝ ነው። አንድ ቃል ሳትናገር መልሳ ሸፈነችው። ካለችበት ድረስ ሄጄ ላቅፋት ፈለግሁ፤ እሷ ግን ፈጥና ሄደች።

ባሌ በስልክ ስለ ራሴ ምንም አላለም። እናቱ እንደነገሩት ግን ከድምፁ ያስታውቃል። “ስመጣ እናወራለን” ብቻ አለኝ። ከዚህ የሚከብድ ዓረፍተ ነገር በትዳር ውስጥ የለም። እያሰብኩት መርፌው ጣቴ ውስጥ ገብቷል።

የሚገባበት ቀን አማቴ ከሱ ቀድመው መጡ። ከዚያ ምሽት በኋላ ቤቴን ሲረግጡ የመጀመሪያቸው ነው። ዓይኔን እንጂ ራሴን አያዩም። ከነጠላቸው ሥር አዲስ ነጭ ሻሽ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። የዛሬው ቁጣ አልነበረም፤ ልመና ነበር።

“ለኔ ብለሽ። ደጃፉን እስኪያልፍ ብቻ። በልቡ እንዳይከፋው ነው። እኔ አባቱን በምን እንዳጣሁት አልነገርኩሽም፤ ወንድ ልጅ ባንድ ቀን ይቀየራል።”

ቁጣን እመልሳለሁ፤ ልመና ግን ያሸንፈኛል። እጄ ወደ ሻሹ ሄዶ ነበር። ጨርቁ ለስላሳ ነው፣ ጥሩ ነገር ነው የመረጡት። ደግሞ ከልብ ነው የፈሩልኝ፤ ያየሁት ፍቅር ነው። ልክ እንደዚያች የሹሩባ ሴትዮ ጉልበት፣ እንደ እናቴ “አጥብቂላት” ማለት። በፍቅር ነው ሁሉም የሚያስሩኝ።

“እማማ፣ ደጃፉን ካለፈ በኋላስ?” አልኳቸው። “ሲተኛስ? ነገ ጠዋትስ? በየትኛው ሰዓት ነው የምፈታው?” ሻሹን አጣጥፌ በእጃቸው ላይ መልሼ አኖርኩት፤ እጃቸውንም ያዝኩት። “ከፋው ይክፋው። እኔን አይቶ ይክፋው።”

ግቢ ወጥተው ቆሙ።

መኪናውን ቃሊቲ አቁሞ ስለሆነ የሚመጣው፣ ከታክሲ ወርዶ በእግሩ ገባ። ልጃችን ቀድማ ደረሰችበት። የእናቱን ጉልበት ስሞ ቀና ሲል እኔ በር ላይ ቆሜያለሁ። ራሴ ባዶ ነው። ከመሀል የበቀለው ፀጉር ጠቆር ብሏል፤ ጠርዝና ጠርዙ እንደ መዳፍ ልሙጥ ነው። ፀሐይ ላይ ስለቆምኩ የማይታይ ነገር የለም። ጎረቤቴ በአጥር በኩል ልብስ የምታሰጣ መስላ ታየናለች። ይታይ አልኩ።

ቦርሳውን አስቀምጦ ቀረበኝ። ብዙ አየኝ። “ዙሪ እስቲ” አለ። ዞርኩ።

“ማን ነው የላጨሽ? ኋላሽን መሰላል አድርጎታል።”

ከዚያ እጁን ዘርግቶ ከጆሮዬ በላይ ያለውን ልሙጡን ቦታ ነካ። እንደ ልማዴ ልሸሽ ነበር፤ እግሬን አጽንቼ ቆምኩ። የሹፌር እጅ ሻካራ ነው።

“ያምሻል?”

“አያመኝም። ድሮ ነው ያመመኝ።”

“እጄን የምታሸሺብኝ ለዚህ ነበር?”

ራሴን ነቀነቅሁ። ከዚያ እናቱ እንዳይሰሙ ዝቅ አድርጎ፣ “እኔ የጠላሽኝ መስሎኝ ነበር” አለኝ። “በየመንገዱ ሳስበው የምከርመው እሱን ነው። ሌላ ሰው አለ ወይ ብዬ ሁሉ አስቤያለሁ።”

አለቀስኩ፤ ግን የንዴት ነው። ፀጉሬን ይውሰዱት፣ ምንም አይደል፤ ያለ ፀጉር መኖር ይቻላል፣ ይኸው እየኖርኩ ነው። ይህ ሰው ጎኔ ተኝቶ ተጠላሁ ብሎ ያደረበትን ዘመን ግን ማን ይመልስልናል? በቁንዳላና በሻሽ የተነሣ! ስድብ ሁሉ አፌ ላይ መጣ፤ የምሰድበው ሰው ግን አልነበረም፤ ስለዚህ ደረቱን በቡጢ መታሁት። “ለምን አልጠየቅከኝም?” አልኩት። “ፈርቼ ነዋ” አለ። ሁለታችንም ፈሪዎች ኖረናል።

“በርጩማ አምጪልኝ” አላት ልጁን። ከቦርሳው ሳሙናውንና ምላጩን አወጣ፤ መንገድ ላይ ራሱን የሚላጭበት ነው። ግቢው መሀል አስቀመጠኝ። በዚያ ብርሃን፣ በጎረቤት ዓይን ፊት፣ በእናቱ ፊት፣ ራሴን በሳሙና ቀብቶ መላጨት ጀመረ። አይፈጥንም። ጠባሳው ላይ ሲደርስ ምላጩን ትቶ በጣቱ ይሄዳል። አማቴ ፊታቸውን ወደ አጥሩ በር አዙረው፣ ሻሹን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ጀርባቸው እንደተቆጣ ነው። ይሄዳሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ አልሄዱም። ባሌ ጨርሶ በፎጣ ሊጠርገኝ ሲል ከኋላችን ድምፃቸውን ሰማን።

“ማጅራቷ ላይ ትተሃል” አሉት።